ምላስ ስለሚጠመዝዝ የእንግሊዞች አነጋገር

ልጆች ሆይ፥ ምላስ አጥንት የለውም፤ ሥራው ግን ብዙ ነው። ሰው በተናገረ ጊዜ ምላሱ አንድ ጊዜ ወደ ጥርስ ይቀርባል፤ አንድ ጊዜ ወደ ላንቃ ይነሣል፤ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ እኛ አናስተውለውም። እግራችን በለመደው መንገድ ሲሄድ እርምጃውን እንደማንቈጥር፥ የምላሳችንንም እርምጃ አንቈጥርም። ነገር ግን መንገዱ ድንጋይ የበዛበት ሲሆን እግር ይሰናከላል። ለምላስም እንዲሁ ድንጋይ የበዛበት መንገድ አለ።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን አስቸጋሪ አነጋገር «ታንግ ትዊስተር» ይሉታል። «ታንግ» ማለት ምላስ ነው፤ «ትዊስተር» ማለት የሚጠመዝዝ ነው። ስለዚህ በአማርኛ «ምላስ ጠምዛዥ» ብንለው ይስማማል። ምላስ ጠምዛዥ ድምፃቸው የሚቀራረብ ቃላት አብረው የተደረደሩበት አጭር አነጋገር ነው። ቀስ ብሎ ለሚያነበው ሰው ቀላል ነው። ፈጥኖ ደጋግሞ ሊለው የሚሞክር ግን ምላሱ ይያዛል፤ አንዱን ድምፅ በሌላው ስፍራ ያገባል። የሚሰሙትም ይሥቃሉ።

ይህ ነገር ለጨዋታ ብቻ የተሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ትምህርት አለበት። ምላስ ስለ ምን እንደሚሰናከል፥ እነዚህ አነጋገሮች ከወዴት እንደ መጡ፥ ትርጓሜአቸውም ምን እንደ ሆነ ተራ በተራ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ምላስ ስለ ምን ይሰናከላል?

አስቀድማችሁ «ሰ» በሉ። የምላሳችሁ ጫፍ ወደ ፊተኞቹ ጥርሶች ይቀርባል፤ እስትንፋሳችሁም በጠባብ መንገድ እያፏጨ ይወጣል። ቀጥላችሁ «ሸ» በሉ። ምላሳችሁ ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መንገዱም ጥቂት ይሰፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ትንሽ ነው። አሁን «ሰ ሸ፥ ሸ ሰ፥ ሰ ሸ፥ ሸ ሰ» እያላችሁ ዐሥር ጊዜ በፍጥነት ድገሙ። ምላሳችሁ የሚሄድበትን ሲያጣ ታያላችሁ።

ስለ ምን ቢሉ፥ ሰው አንዱን ድምፅ ሲያወጣ አንጎሉ የሚቀጥለውን ድምፅ አስቀድሞ ያዘጋጃልና ነው። ድምፆቹ የተራራቁ ሲሆኑ ትእዛዙ አይደባለቅም። ድምፆቹ እንደ መንታ ልጆች ሲመሳሰሉ፥ ተራቸውም ሲለዋወጥ፥ አንዱ በሌላው ፈንታ ይጠራል።

ሊቃውንት ይህን መርምረዋል። በ2013 በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምርመራቸውን «ኔቸር» በሚባለው መጽሔት አሳተሙ። እነዚህ ሰዎች ለሕክምና ሲባል በአንጎላቸው ላይ የኤሌክትሪክ መለኪያ የተደረገላቸውን ሕመምተኞች እያናገሩ፥ አንጎል ከንፈርን፥ ምላስን፥ መንጋጋንና ጉሮሮን እንዴት እንደሚያዝዝ ተመለከቱ። በአንድ ብልት የሚወጡ ድምፆች በአንጎል ውስጥም ትእዛዛቸው ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። በከንፈር የሚወጡት «በ» እና «ፐ» ጎረቤታሞች ናቸው፤ በምላስ ጫፍ የሚወጡትም እንዲሁ ናቸው። ጎረቤት ለጎረቤት ቅርብ እንደ ሆነ፥ ስሕተቱም በጎረቤታሞች መካከል ይበዛል።

በዚያው በ2013 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ሰዎች አስቸጋሪ ቃላትን በፍጥነት ሲደጋግሙ ድምፃቸውን ቀድቶ መረመረ። «ቶፕ» እና «ኮፕ» የሚሉትን ሁለት ቃላት የሚደጋግም ሰው አንዳንድ ጊዜ «ት»ን በ«ክ» ይለውጣል። አንዳንድ ጊዜ ግን ሁለቱ በአንድነት ይወጡና «ትኮፕ» የሚመስል ድምፅ ይሆናል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጠባብ በር ባንድ ጊዜ ሊገቡ ሲጋፉ እንደሚያዩ ያለ ነው።

በኦክስፎርድ ከተማ የኒው ኮሌጅ አለቃ የነበሩ ቄስ ዊልያም አርችቦልድ ስፑነር በዚህ ነገር ስማቸው ተጠርቷል። እኒህ ሰው በ1844 ተወልደው በ1930 ዐረፉ። የሁለት ቃላትን የመጀመሪያ ድምፅ ያለዋውጣሉ ተብሎ ስለ ተወራባቸው፥ እንዲህ ያለው ስሕተት በእንግሊዝኛ «ስፑነሪዝም» ተባለ። በአማርኛ «ቀይ በግ» ሊል የፈለገ ሰው «በይ ቀግ» ቢል እንደዚሁ ነው። ነገር ግን በስማቸው ከሚነገረው ቀልድ የሚበዛውን ሌሎች ሰዎች የፈጠሩት ነው። ሊቅ ሰው አንድ ጊዜ ቢሳሳት፥ ዓለም ሺህ ስሕተት ጨምሮ ያወራበታል።

ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ድምፅ ሳያሰማ በዐይኑ ብቻ የሚያነብ ሰው እንኳ ምላስ ጠምዛዥ ሲገጥመው ይዘገያል። ይህን በ1982 የታተመ ምርምር አሳይቷል። አፋችን ዝም ባለ ጊዜም በውስጣችን የሚናገር ድምፅ አለና ነው።

ስለ ፒተር ፓይፐር

ከእንግሊዞች ምላስ ጠምዛዦች ሁሉ እጅግ የታወቀው የፒተር ፓይፐር ነው። በ1813 በለንደን ከተማ ጆን ሃሪስ የተባለ የሕፃናት መጻሕፍት አሳታሚ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የፒተር ፓይፐር የግልጽና የፍጹም አነጋገር ተግባራዊ መመሪያ» እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ግን ከማያያዣዎቹ በቀር የስሙ ቃላት ሁሉ በ«ፒ» ፊደል ይጀምራሉ። መጽሐፉ የእንግሊዝኛን ፊደል ተራ በተራ እየተከተለ ለየፊደሉ አስቸጋሪ አነጋገር ይሰጣል። ፒተር ፓይፐር የ«ፒ» ፊደል ድርሻ ነው።

ትርጓሜው እንዲህ ነው። ፒተር የሚባል ሰው አንድ ፔክ በሆምጣጤ የተቀመጠ ቃሪያ ለቀመ ይላል። ከዚያም ያ ቃሪያ ወዴት እንዳለ ይጠይቃል። ፔክ እንደ ቁና ያለ የእህል መስፈሪያ ነው፤ ዘጠኝ ሊትር ያህል ይይዛል። አስተውሉ፤ በሆምጣጤ የተቀመጠ ቃሪያ ከእንስራ ወይም ከጠርሙስ ይወጣል እንጂ ከተክሉ ላይ አይለቀምም። ስለዚህ የአነጋገሩ ፍሬ ነገር በድምፁ ነው እንጂ በታሪኩ አይደለም።

ብዙ ሰዎች ግን ፒተር ፓይፐር በእውነት የነበረ ሰው ነው ይላሉ። እርሱም በ1719 ተወልዶ በ1786 የሞተው ፈረንሳዊው ፒየር ፑዋቭር ነው ይላሉ። ይህ ፑዋቭር በእውነት የሚያስደንቅ ሰው ነበረ። በ1745 በባሕር ላይ ሲጓዝ እንግሊዞች በተኰሱት መድፍ ክንዱን አጣ። በዚያ ዘመን ገውዝና ቅርንፉድ ከሞሉካ ደሴቶች ይመጣ ነበር፤ የሆላንድ ነጋዴዎችም ሌላ ሰው እንዳይተክለው ይጠብቁት ነበር። ፑዋቭር ግን ችግኙን በስውር አስመጥቶ ዛሬ ሞሪሸስ በምትባለው ደሴት አስተከለ። «ፑዋቭር» በፈረንሳይኛ ቁንዶ በርበሬ ማለት ነው። ሰዎችም ስሙን አይተው «ቃሪያ የለቀመው ፒተር ይህ ነው» አሉ።

ነገር ግን ለዚህ ቃል ምስክር የለውም። በ1813 የታተመው መጽሐፍ ስለ ፑዋቭር አንዳች አይናገርም። የስም መመሳሰል ብቻውን ምስክር አይሆንም። በአንድ መንደር ሁለት ገብረ ማርያም ቢኖሩ፥ አንዱ የዘራውን ሌላው ዘራው ይባላልን?

ስለ ባሕር ዛጎል

ሁለተኛው የታወቀ አነጋገር በባሕር ዳር ዛጎል ስለምትሸጥ ሴት የሚናገር ነው። አስቸጋሪነቱም ከላይ ባየነው በ«ስ» እና በ«ሽ» መለዋወጥ ነው። በእንግሊዝኛ «ሺ» ማለት እርስዋ ነው፤ «ሲ» ማለት ባሕር ነው። «ሴል» ማለት መሸጥ ነው፤ «ሼል» ማለት ዛጎል ነው። እነዚህ አራት ቃላት ተቀራርበው ሲቀመጡ ምላስ ከጥርስ ወደ ላንቃ፥ ከላንቃ ወደ ጥርስ ሲመላለስ ይደክማል።

በ1908 ቴሪ ሱሊቫን ቃሉን፥ ሃሪ ጊፎርድ ዜማውን የደረሱት አንድ ዘፈን በዚህ አነጋገር ተሠራ። ከጊዜ በኋላ ሰዎች «ይህች ሴት ሜሪ አኒንግ ናት» ማለት ጀመሩ። አነጋገሩ ግን ዘፈኑ ከመደረሱ በፊት በ19ኛው መቶ ዓመት ይታወቅ ነበር፤ ዘፈኑም የሜሪን ስም አይጠራም። ይህም እንደ ፑዋቭር ወሬ ምስክር የሌለው ነው።

ነገር ግን ሜሪ አኒንግ ማን እንደ ነበረች ማወቅ ይጠቅማል። በ1799 በእንግሊዝ አገር በስተ ደቡብ በባሕር ዳር ባለችው በላይም ሪጂስ ከተማ ተወለደች። አባትዋ እንጨት ሠሪ ነበር፤ በ1810 ሞተ፤ ቤተ ሰቡም በድህነት ቀረ። ሜሪና ወንድምዋ ዮሴፍ ከባሕሩ ገደል ሥር ወደ ድንጋይ የተለወጡ የጥንት እንስሳትን ቅሪት እየለቀሙ ይሸጡ ነበር። በ1811 ዮሴፍ የአንድ ትልቅ እንስሳ ራስ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ሜሪ የቀረውን አካል አገኘች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ ሦስት ዓመት ነበረ። እንስሳውም ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ይኖር የነበረው ኢክትዮሶር ነው። በ1823 ደግሞ ፕሌሲዮሶር የሚባለውን ሌላ የባሕር እንስሳ ሙሉ አጥንት አገኘች።

ታላላቅ ሊቃውንት ከእርስዋ ይገዙና ይማሩ ነበር። የለንደን የሥነ ምድር ማኅበር ግን በዘመንዋ ሴቶችን በአባልነት አይቀበልም ነበር፤ ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1919 ነው። ሜሪ በ1847 ሞታ ነበር። እንግዲህ ስለ ሜሪ የተነገረው ተረት ሐሰት ቢሆን፥ እውነተኛው ታሪክዋ ከተረቱ ይበልጣል። እውነትን የሚፈልግ ሰው ከሐሰት የተሻለ ነገር ያገኛል።

ስለ ውድቸክ

ሦስተኛው ከአሜሪካ የመጣ ነው። ውድቸክ በሰሜን አሜሪካ የሚኖር፥ ሣር የሚበላና ጉድጓድ የሚቈፍር እንስሳ ነው። በ1903 በአሜሪካ ቲያትር የተዘፈነ አንድ ዘፈን ይህ እንስሳ እንጨት መወርወር ቢችል ምን ያህል ይወረውር እንደ ነበረ ይጠይቃል። ጥያቄው በእንስሳው ስም መጫወት ነው። «ውድ» በእንግሊዝኛ እንጨት ነው፤ «ቸክ» መወርወር ነው። የእንስሳው ስም ግን ከእንጨትም ከመወርወርም የመጣ አይደለም። ስሙ አልጎንኪያን ከሚባሉት ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ቋንቋዎች የመጣ ነው። እንግሊዞች ያልለመዱትን ስም ሰምተው በለመዱት ቃል አስመስለው ጠሩት።

በ1988 በኒው ዮርክ አገር አንድ የዱር እንስሳት ጉዳይ ባለሙያ ለጨዋታ ያህል ይህን ጥያቄ መለሰ። እንስሳው ጉድጓዱን ሲቈፍር የሚያወጣውን አፈር ገምቶ፥ በአፈሩ ፈንታ እንጨት ቢሆን 700 ፓውንድ ያህል፥ ይህም 317 ኪሎ የሚሆን ይወረውር ነበር አለ።

በዚህ አነጋገር ውስጥ ሌላ ትምህርት አለ። «ውድ» የሚለው ድምፅ እንጨት ማለት ሲሆን በአንድ ዐይነት ፊደል ይጻፋል፤ ምኞትን የሚያሳይ ቃል ሲሆን ግን በሌላ ፊደል ይጻፋል። ድምፁ አንድ ነው፤ ጽሕፈቱ ሁለት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በግዕዝ «ሠረቀ» በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ የሌባ ሥራ ነው። ጆሮ የማይለየውን ዐይን ይለያል።

ድምፆቹን እንዴት እንደሚሉ

አሁን እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ስለሚቸገርባቸው ድምፆች እንናገር።

መጀመሪያው «ፕ» ነው። በፊደላችን ተራ «ፐ» በመጨረሻ የተቀመጠ ነው፤ የሚገኘውም ከውጭ አገር በመጡ ቃላት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰዎች «ፖስታ»ን «ቦስታ» ይላሉ። በእንግሊዝኛ ግን «ፒ» አተር ነው፤ «ቢ» ንብ ነው። አተር እሰጥሃለሁ ብሎ ንብ የሚሰጥ ወዳጅ አያስደስትም። ለመለማመድ ስስ ወረቀት ከከንፈራችሁ ፊት ያዙ። በቃል መጀመሪያ ያለውን የእንግሊዞችን «ፕ» በትክክል ብትሉ፥ እስትንፋሳችሁ ወረቀቱን ያርገበግበዋል። «ብ» ስትሉ ግን ወረቀቱ ብዙ አይንቀሳቀስም።

ሁለተኛው በፊደላችን የራሱ ምልክት የሌለው ድምፅ ነው። ዐረቦችና ግሪኮች ያውቁታል። የምላስ ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ጥቂት ብቅ ይላል፤ እስትንፋስም በምላሱ ላይ ቀስ ብሎ ይወጣል። ይህን ድምፅ ብዙዎቻችን ወደ «ስ» ወይም ወደ «ት» እንለውጠዋለን። ነገር ግን ማሰብን የሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል በ«ስ» ቢጀመር ትርጓሜው መስጠም ይሆናል። «አስባለሁ» ሊል የፈለገ ሰው «እሰጥማለሁ» ቢል፥ ሰሚው ገመድ ሊወረውርለት ይሮጣል። ሦስት የሚለውም ቃል በ«ት» ቢጀመር ዛፍ ይሆናል።

ሦስተኛው የአናባቢ ነገር ነው። በ1899 ካሮሊን ዌልስ የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ ባወጣችው መጽሐፍ ቤቲ ቦተር ስለምትባል ሴት የሚናገር አነጋገር አለ። ሴቲቱ የገዛችው ቅቤ መራራ ሆነ፤ ሊጥዋንም እንዳያበላሽባት የተሻለ ቅቤ ገዛች። በእንግሊዝኛ ቅቤ «በተር» ነው፤ መራራ «ቢተር» ነው፤ የተሻለ «ቤተር» ነው፤ ሊጥ «ባተር» ነው። አስተውሉ፤ ተነባቢዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የመጀመሪያው ፊደል አናባቢ ብቻ ነው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ «በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ» ብሎ የቈጠረ ልጅ ይህን ምሥጢር አስቀድሞ ያውቀዋል። ፊደል የቈጠራችሁበት ድካም ለሌላም ቋንቋ ይጠቅማችኋል ማለት ነው።

አራተኛው ተነባቢዎች ያለ አናባቢ ሲደራረቡ ነው። በእንግሊዝኛ ስድስተኛ የሚለው ቃል መጨረሻ ሦስት ተነባቢዎች አሉት፤ «ክ»፥ «ስ»፥ ከዚያም ምላስ በጥርሶች መካከል የሚወጣበት ድምፅ ነው። በአማርኛ ቃል መጨረሻ እንዲህ ሦስት ተነባቢ ተደርድሮ አይገኝም። ስለ አንድ የታመመ ሼክና ስለ ታመመው በጉ የሚናገር አነጋገር ይህን ቃል ደጋግሞ ይይዛል። የጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብም ከእንግሊዝኛ ምላስ ጠምዛዦች ሁሉ አስቸጋሪ ብሎ ጽፎት ነበር። ይህ ለእንግሊዞችም ለራሳቸው ከባድ ነው።

ለምን ይጠቅማል?

በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሰው ፊት ቆሞ ግልጥ አድርጎ መናገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነበረ። መምህራኑም ምላስ ጠምዛዦችን ለልምምድ ይሰጡ ነበር። ዛሬም ተዋንያንና የራዲዮ ዜና አንባቢዎች ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት በዚህ አፋቸውን ያፍታታሉ። ወታደር ከጦርነት በፊት እንደሚሰለፍ፥ አንባቢም ከንባብ በፊት ምላሱን ያሰልፋል።

ምላስን በድካም ማሠልጠን ግን ከዚህም እጅግ የቈየ ነገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 የተወለደው ዴሞስቴንስ የአቴና ሰው ነበረ። በመጀመሪያ ንግግሩ ሕዝብ ሣቀበት። ፕሉታርክ የሚባለው ጸሓፊ እንደሚተርከው፥ ዴሞስቴንስ ጠጠር በአፉ ይዞ እየተናገረ ምላሱን አሠለጠነ፤ ድምፁንም ዳገት እየወጣ አበረታ። ከቤት ወጥቶ ጊዜውን እንዳያባክን የራሱን ጠጕር በአንድ ወገን ብቻ ተላጭቶ በሥራው ይቀመጥ ነበር። በመጨረሻም ከግሪክ ተናጋሪዎች ሁሉ የበለጠ ሆነ። እናንተ ግን ጠጠር በአፋችሁ አታግቡ፤ ጉሮሮን ያንቃልና። ትጋቱን እንጂ ጠጠሩን አትውሰዱ።

በአነጋገሩ ሰውን አለመናቅ

እስካሁን ስለ ሣቅ ተናገርን። አሁን ግን ሣቅ የሌለበትን ነገር ስሙ። በመጽሐፈ መሳፍንት በ12ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ በዮፍታሔ ዘመን የገለዓድ ሰዎችና የኤፍሬም ሰዎች ተዋጉ። የኤፍሬም ሰዎች ተሸንፈው ሲሸሹ ገለዓዳውያን የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙ። ሊሻገር የመጣውንም ሰው ሁሉ «ሺቦሌት በል» ይሉት ነበር። ኤፍሬማዊ «ሽ»ን ማለት አይችልምና «ሲቦሌት» ይል ነበር። ያን ጊዜ ይዘው ይገድሉት ነበር። ከኤፍሬምም አርባ ሁለት ሺህ ሰው ወደቀ።

ሺቦሌት በዕብራይስጥ የእህል ዛላ ማለት ነው፤ እኛ «ሰብል» ከምንለው ቃል ጋር ዝምድና አለው። እንጀራ የሚሆን ነገር ስም የሞት ምልክት ሆነ። በ«ስ» እና በ«ሽ» መካከል ያለው ያ እጅግ ትንሽ ርቀት ሰውን ከሰው የሚለይ ገደል ሆነ። እነዚያ ሰዎች ያባቶቻቸውን አነጋገር ተናገሩ እንጂ ሌላ በደል በምላሳቸው አልነበረም።

ልጆች ሆይ፥ ዛሬ በመንገዳችን የዮርዳኖስ መሻገሪያ የለም። ነገር ግን ጓደኛችሁ ሲያነብ ቢሰናከልና ብትሥቁበት፥ ነገ ለማንበብ አይነሣም። ከሌላ አገር የመጣ ልጅ ቃል ቢያበላሽና ብታላግጡበት፥ ከእናንተ ጋር መናገር ይተዋል። ሰውነቱ ባይሞት ልቡ ይሞታል። ኰልታፋም ልጅ ቢሆን አትዝለፉት። ከመቶ ሰው አንዱ ያህል ይኰላተፋል፤ ይህም ከስንፍና ወይም ከድንቍርና የመጣ አይደለም፤ ምላስ ጠምዛዥም መድኃኒቱ አይደለም። ቃሉን እስኪጨርስ ታግሦ የሚሰማው ሰው ይጠቅመዋል። ሙሴም አፈ ኰልታፋ ነበር፤ ሕዝብን ግን መራ።

ደግሞ ምላስ የማይሰናከልበት ሰው እንደሌለ አስቡ። እንግሊዛዊ በራሱ ቋንቋ ይሰናከላል። ወደ እኛ ቢመጣ ደግሞ «ቀ»፥ «ጠ»፥ «ጨ»፥ «ጸ» ያስጨንቁታል። «ከበረ» እና «ቀበረ» ለጆሮው አንድ ይመስላሉ፤ አንዱ ክብር ነው፥ አንዱ መቃብር ነው። «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ ትርጓሜው እንደሚለወጥም አያውቅም። እኛ ልንታገሠው ይገባል፤ እርሱም እኛን ሊታገሠን ይገባል።

እንዴት እንለማመድ?

አንደኛ፥ የቃላቱን ትርጓሜ እወቁ፤ የማያውቁትን ቃል መደጋገም ባዶ እንስራ መሸከም ነው። ሁለተኛ፥ የእያንዳንዱን ድምፅ ስፍራ በአፋችሁ ውስጥ ፈልጉ፤ በመስተዋት ፊት ብትሆኑ መልካም ነው። ሦስተኛ፥ ቃል በቃል ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። አራተኛ፥ አምስት ጊዜ ያለ ስሕተት ካላችሁ በኋላ ጥቂት ፍጠኑ። አምስተኛ፥ ብትሳሳቱ አትናደዱ፤ ወደ ዝግታው ተመለሱ። ስሕተትን በፍጥነት የሚደጋግም ሰው ስሕተቱን ይማራል።

አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለዋል። በምላስ ጠምዛዥ የሚሆነው ይህ ነው። የሚቸኵል ቃሉን ያፈስሳል፤ ኋላም ሊለቅም ይደክማል። የሚታገሥ ግን ዛሬ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ነገ ፈጥኖ ይናገራል። ሲሰናከልም ሌላው ሲሰናከል እንዳይሥቅ ይማራል።

ጥያቄ

1. ምላስ ጠምዛዥ ማለት ምን ማለት ነው?
2. «ሰ» ስትሉና «ሸ» ስትሉ ምላሳችሁ ወዴት ይሆናል?
3. የፒተር ፓይፐር መጽሐፍ በስንት ዓመት፥ በየትኛው ከተማ ታተመ?
4. ሜሪ አኒንግ በልጅነትዋ ምን አገኘች?
5. በዮርዳኖስ መሻገሪያ የሆነው ነገር ጓደኛው ሲሰናከል ለሚሥቅ ልጅ ምን ያስተምራል?